ሁለት ጥርስ ሲቀነስ

ጠምጣሚዋ ደክሟታል። ድካሟ እንቅልፍ የሚያባርረው ዓይነት አይደለም፤ ተኝተው ሲነሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ዓይነት ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው «ትንሽ ታገሺኝ» ባላት ቁጥር «እሺ» ብላለች። እሺታ ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። በየሳምንቱ ሲሉት ግን ጉልበት ይጨርሳል።

ለማያውቋት እንናገር። ሥራዋ የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ እንደገና ሽቦ መጠምጠም ነው። የውሃ ፓምፕ ይሁን የወፍጮ፣ አባቷ ካረፉ ወዲህ ከአጎቷ ጋር በምትሠራባት ጠባብ ሱቅ ገብቶ ሳይድን የወጣ ሞተር ጥቂት ነው። እሁድ እሁድ ግን ሌላ ሞተር አላት። ቡጢ የሚያክል፣ ሽቦውን በገዛ እጇ የጠመጠመችው፣ በሪሞት የምትነዳ የክንድ ርዝመት ያላት መኪና ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ። በዚያች መኪና ምክንያት የፍጥነት ማኅበሩ ሰዎች የክርስትናዋንም የቤቷንም ስም ትተው «ማርሽ» ይሏታል። እሷም ለምዳዋለች።

መኪናዋ የሐኪሙ ናት። ሐኪሙ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ክሊኒኩን ከአባቱ የወረሰ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ በላዩ አሻግሮ የሚያይ፣ ሲናገር የሚያመነታ ሰው። አጎቷ በዚህ ነገር መቀለድ አይሰለቻቸውም። «ሁለታችሁም በጥርስ ነው የምትኖሩት» ይላሉ። «እሱ ይነቅላል፤ አንቺ ትጨምሪያለሽ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ማርሽ የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ፒኞኖቿን ደርድራለች። ፒኞን ማለት ሞተሩ ዘንግ ላይ የሚሰካው ትንሹ ባለ ጥርስ መዘውር ነው፤ ትልቁን ጥርስ ያዞራል፣ ትልቁ ደግሞ ጎማውን። የፒኞኑ ጥርስ በበዛ ቁጥር ሞተሩ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው የበለጠ ይሄዳል። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ። አጠገባቸው የሙከራ ደብተሩ ተከፍቷል። ደብተሩ ሦስት ዓምድ አለው፤ የፒኞኑ ጥርስ ብዛት፣ የሞተሩ ሙቀት፣ ፍጥነቱ። ከፍጥነት በፊት ሙቀት ይጻፋል። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት፤ «ፍጥነት ያየ ሰው ሙቀት መጠየቅ ይረሳል» ትላለች።

ፍቅራቸውም የተጻፈው እዚሁ ደብተር ኅዳግ ላይ ነው። ሐኪሙ በአፉ የማይወጣለትን በእርሳስ ይጽፈዋል። «ሃያ ስምንት ጥርስ፣ ስልሳ አንድ ዲግሪ፣ 164 ኪሎ ሜትር። ማርሽ ጉንጭ ላይ ግራሶ ነበር፤ አልነገርኳትም፤ አምሮባታል።» ሌላ ገጽ ላይ፦ «ዛሬ ሳቀች። ምን ብዬ እንዳሳቅኳት ባውቅ ደጋግሜ እለው ነበር።» ማርሽ ገጾቹን ወደ ፊት ገለጠች። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የእርሳሱ ጽሑፍ ያጥራል፤ ካለፉት ሰባት ወራት ወዲህ ደግሞ ኅዳጉ ባዶ ነው። ቁጥር ብቻ።

«ልጄ» አሉ አጎቷ ብረት ከሚይዘው ሞርሳ ላይ ቀና ሳይሉ። «አራት ዓመት ሙሉ በአንደኛ ማርሽ የሚሄድ መኪና አይቼ አላውቅም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ! የማውቀው እንዲህ የሚሄድ ሞተር እንደሚቃጠል ነው።»

ቀልዱ ልቧ ላይ አረፈ። አጎቷ ዕቃ ሊያደርሱ ሲወጡ፣ ሽቦ ሲጠመጠም በመሐል የሚገባውን ስስ ቢጫ ወረቀት አንድ ሉክ ቀደደች። ከደብተሩ በቀር ሱቁ ውስጥ ሌላ ወረቀት አልነበረም፤ እሱን መቅደድ ደግሞ አልሆነላትም። በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈች።

«ሐኪሜ፣ አልተቀየምኩህም። መቀየምም ጉልበት ይፈልጋል። አራት ዓመት ጠበቅኩህ፤ ከቤትህ አንድ ሰው እንኳን ስሜን አያውቅም። አንተ ክፉ አይደለህም፤ ግን ለእኔ ስትል አንዲት ቃል ከአፍህ አልወጣችም። የነገው ሩጫ የመጨረሻችን ይሁን። መኪናዋን ጨርሼ እሰጥሃለሁ። ደክሞኛል። ሁለታችንም እንረፍ።»

አጥፋ የመሣሪያ ሣጥኗ የላይኛው መደብ ላይ አስቀመጠችው፤ ነገ ሩጫው ሲያልቅ ትሰጠዋለች። አለቅሳለሁ ብላ ነበር፣ እንባ አልመጣም። የመጣው ሸክም ያወረደ ሰው የሚሰማው ባዶነት ነው፤ እሱም ቢሆን ዕረፍት አልነበረም።

*

እሁድ ጠዋት ነፋስ አልነበረም። የፍጥነት ማኅበሩ የሚሮጥበት ሜዳ አውሮፕላን ካረፈበት ብዙ ዓመት የሆነው የድሮ ማኮብኮቢያ ነው። ከሩጫ በፊት ይጠረጋል። በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የምትሞክርን ትንሽ መኪና አንዲት ጠጠር አየር ላይ ታገለባብጣታለች። ስለዚህ ሀብታሙም ድሃውም፣ ባለ ክሊኒኩም ባለ ሱቁም መጥረጊያ ይዞ ጎንበስ ይላል። ማርሽና ሐኪሙ የተዋወቁት እንዲሁ ጎን ለጎን ሲጠርጉ ነው።

ዛሬም ጎን ለጎን ይጠርጋሉ። ሐኪሙ የለበሰው ሸሚዝ ተጨማድዷል። ድሮ እሁድ ሲመጣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጺሙ የተላጨ ነበር። ማርሽ በዓይኗ ጠርዝ አይታ «ለእኔ መልበስ እንኳን ሰለቸው» አለች በልቧ።

«ሠላሳ አንድ እንሞክር?» አላት።

«እንሞክር። ግን ይሞቃል።»

«ከሞቀ…»

«ከሞቀ እቀንሳለሁ።»

የሁለቱ ንግግር ይኸው ሆነ። ሐኪሙ ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ቀና ብሎ በመነጽሩ ላይ አያት። ያ አስተያየት ድሮ ሥራ ያስፈታት ነበር። ዛሬም መጥረጊያዋን አስቆመ፣ ምን ዋጋ አለው፤ ወዲያው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

አንድ ግራጫ አውቶሞቢል ወደ ማኮብኮቢያው ዳር ገብቶ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ የዛፍ ጥላ ሥር ሄደ። የኋላው መስኮት ግማሽ ድረስ ወረደ። አንድ የጸጉር ዘለላ እንኳን ያልተነቃነቀባቸው ወይዘሮ ከውስጥ ይታያሉ።

«እናቴ ናት» አለ ሐኪሙ።

«መኪና ሲሮጥ ሊያዩ ነው?»

«አዎ… ማለት… ልታይ ነው የመጣችው።» መጥረጊያውን አስቀምጦ እየተጣደፈ ሄደ። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ጥቂት ተነጋገረ። ወይዘሮዋ ከመቀመጫቸው አልተንቀሳቀሱም።

ማርሽ ይህን ነገር ታውቀዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት አክስቱ ድንገት ሲያገኟቸው ሐኪሙ ጆሮው ቀልቶ «የሞተር ባለሙያዬ ናት» ብሎ አስተዋውቋት ነበር። ዛሬም «ያቺ ማናት?» ሲሉት «የሞተር ባለሙያዬ» ማለቱ ነው። ቢያንስ ዋሸ አይባልም! ሐኪሙ ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል። ምን ሆንክ ልትለው ፈለገች፤ ግን ለመጠየቅም አቅም ያስፈልጋል፤ መጥረግ ቀጠለች። ከዚያ ሜዳ ሁሉ እሷ የቆመችበት ቦታ ብቻ ቀዝቃዛ የሆነ መሰላት።

*

ሰዓት የሚይዙት ጋሽ ደቂቃ ናቸው፤ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ። የፍጥነት መመዝገቢያዋን መሣሪያ መኪናዋ ቀፎ ሥር ሰክተው «እግዜር ይቅደም» አሉና እጃቸውን አነሡ።

መኪናዋ ተፈተለከች። መጀመሪያ እንደ ንብ፣ ቀጥሎ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ሆና አለፈች። ማርሽ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ድምፁ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ መውጣቱን ትቶ ያለከልካል። ገና ሳይነግሯት አወቀች።

መኪናዋ ስትመለስ የሙቀት መለኪያውን ሞተሩ ላይ አነጣጠረች። «አንድ መቶ አራት ዲግሪ።» ደብተሩ ላይ ጻፈች። «አሁን ፍጥነቱን ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«መቶ ዘጠና አንድ። ሁለት መቶ ለመግባት ዘጠኝ ይቀራታል፤ እኔ ደግሞ ትንፋሼ ሊቀርብኝ ነው።»

ሐኪሙ ሪሞቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። «ሠላሳ ሁለት ብናደርገው?»

«ሞተሩ አልጎተተውም። ጥርስ ስለበዛ ብቻ አይሮጥም። መንገዱ አጭር ነው፤ ሞተሩ ሙሉ ዙሩ ላይ ሳይደርስ መንገዱ ያልቅበታል፤ ባትሪውም ይደክማል። እንዲህ ሲሆን ትርፉ ሙቀት ነው።» ቀና ብላ አየችው። «አቅሙን አይቶ መቀነስ ነው። ሁለት ጥርስ።»

«ቀንሶ ሊፈጥን?»

«ቀንሶ።»

ሞተሩ እስኪበርድ በካርቶን እያራገቡ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ከዚያ ማርሽ ሠላሳ አንዱን ፈትታ ሃያ ዘጠኙን ሰካች። ፒኞን ሲቀየር ሞተሩ ከትልቁ ጥርስ ያለው ርቀት እንደገና ይስተካከላል። በጣም ከተጠጉ ይጋጫሉ፤ ከተራራቁ ይሸራረፋሉ። መለኪያው ያው ስስ ቢጫ ወረቀት ነው። በሁለቱ ጥርሶች መሐል ይገባል፣ ሞተሩ ተጠግቶ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ከዚያ ጥርሱ ሲዞር ወረቀቱ ተጨማድዶ ሳይቀደድ ከወጣ ልክ ነው። ይህን ከመቶ ጊዜ በላይ አድርገውታል፤ እሷ ሞተሩን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ እሱ ከሣጥኑ ላይ ስስ ወረቀት ቀዶ ያቀብላታል።

«ወረቀት» አለች፣ ዓይኗን ከሞተሩ ሳትነቅል።

ሐኪሙ እጁን ወደ ሣጥኑ የላይኛው መደብ ሰደደ። እንደ ልማዱ ሳያይ ቀደደ። ጥርሶቹ መሐል አስገባ። እሷ ተጠጋች፣ ብሎኑን በብሩጎላ መፍቻ አጠበቀች፣ ጎማውን በጣቷ ገፋ አደረገች።

ቢጫው ወረቀት ጥርስ ጥርስ ሆኖ በወዲያኛው በኩል ወጣ። ሰማያዊ ቀለም አለው።

የገዛ እጅ ጽሑፏን ለማወቅ ማንበብ አላስፈለጋትም። የደብዳቤው የታችኛው ጠርዝ ነበር። «ደክሞኛል። ሁለታችንም እንረፍ።» ቃላቱ እንደ መጋዝ ተጨማድደዋል፤ ግን አንዱም አልተቀደደም። ማነው ደብዳቤውን ከወረቀቶቹ ጋር አስቀምጪ ያላት! አራት ዓመት አንድ ዓይነት ወረቀት ስትይዝ፣ እጁ ወደየት እንደሚሄድ ከእሷ የበለጠ ማን ያውቃል?

ሐኪሙ ቁራጩን በሁለት ጣቱ ይዞ ቆመ። አነበበው። ሣጥኑ ውስጥ የቀረውን የታጠፈ ወረቀት አየ፤ አልነካውም። ከዚያ ቀና ብሎ በመነጽሩ ላይ ለረዥም ጊዜ አያት። እሷም አየችው። «ተናገር» አለችው በዓይኗ። «ይኸው ጊዜህ። አሁን ተናገር።»

«ልክ ነው?» አለ ሐኪሙ፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ልክ ነው» አለች።

ቁራጩን የደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ሪሞቱን አነሣ። አይቶ፣ አንብቦ፣ መኪና ሊነዳ ሄደ። እስካሁን ቅር ይላት የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሐቅ ሆነ፤ የሚገርመው ግን ሐቁ አላሳረፋትም፣ አሳመማት።

*

ሁለተኛው ሩጫ ድምፁ ሌላ ነበር። ፉጨቱ ወጣ፣ ወጣ፣ እስከ መንገዱ ዳር ድረስ መውጣቱን አላቆመም። ጋሽ ደቂቃ ኮፍያቸውን አውልቀው ዘለሉ፤ በዕድሜያቸው ሊዘሉት የማይገባ ዝላይ።

«ሙቀት ሰባ ሁለት» አለች ማርሽ።

«ሁለት መቶ ሦስት! ሁለት መቶ ሦስት፣ ማርሽዬ!»

ሰዎች አጨበጨቡ። ሐኪሙ ቁጥሩን ሊያይ አልመጣም። ሪሞቱን አስፋልቱ ላይ አስቀምጦ እዚያው ቆሟል። ማርሽ የያዘችውን ጨርቅ እንደያዘች ወደ እሱ ሄደች።

«አየኸው» አለችው።

«አየሁት።»

«አይተህ ነዳህ።»

«ነዳሁ።»

«'ምንድነው ይሄ' ማለት አቅቶህ? ይህን ያህል ቁጥሩ በለጠብህ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ በተጨማደደው ሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «ሦስት ወር የጠመጠምሽው ሞተር ነው። ያኔ ብናገር ሁለታችንም እጃችን ይፈታል፤ መኪናዋ አትሮጥም። አንቺ ደግሞ ሳታይው ትሄጃለሽ። ከእኔ ጋር ብዙ አባክነሻል፤ ይህን እንኳን ይዛ ትሂድ ብዬ ነው።»

መልሱ ያልጠበቀችው ነበር። ቢሆንም የአራት ዓመት ቁጭት እንዲህ በአንዴ አይመለስም። «አባከንሽ አልከኝ? አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ለእናትህ ስሜን…»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን?»

«ነግሬያታለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ነገርኳት። በሁለተኛውም። ከዚያ በኋላ መቁጠር ትቻለሁ።» ቃላቱ እየተንጠባጠቡ ይወጣሉ። «ባለፈው፣ 'እሷን ከልብህ ሳታወጣ ቤቴ እንዳትገባ' አለችኝ። ሰባት ወር ሆነኝ ክሊኒኩ መጋዘን ውስጥ ስተኛ።»

ማርሽ ሸሚዙን አየች። ሰባት ወር። ባዶው ኅዳግ። እሷ ሰለቸው ያለችው ሰው ካውያም የሌለው ኖሯል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እምቢ የምትለው አባትሽን እያነሣች ነው። 'በጓሮ በር እየገባ ማራገቢያ ይሠራልን የነበረው ሰውዬ ልጅ' እያለች። ጆሮሽ እንዲገባ አልፈለግኩም። ስትለዝብ እነግርሻለሁ፣ ዛሬ ትለዝባለች፣ ነገ ትለዝባለች እያልኩ… ትንሽ ታገሺኝ ስልሽ እሱን ማለቴ ነበር።»

ልታቅፈው ወደደች፤ ልትመታውም ወደደች። ሁለቱም እኩል መጣባት። «ሙቀቱን ደብቀህ ቁጥሩን ብቻ አሳየኸኝ» አለች። «እኔ ፈሪ ሰው ወደድኩ እያልኩ ስቃጠል፣ አንተ እዚያ ብቻህን ስትቃጠል! ምን መሸከም እንደምችል ወስን ያለህ ማን ነው? አባቴን መስደባቸውን መስማት ይከብደኛል፤ አዎ። ያለመናገርህ ግን ገደለኝ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የአንተ ነው። ዛሬ ለምን አመጣሃቸው?»

«'አንድ ጊዜ ስትሠራ እያት፤ ከዚያ በኋላ እምቢ በይ' ብያት ነው። መጣች። ከአውቶሞቢሉ አልወርድም አለች እንጂ።»

ማርሽ ዞር ብላ ግራጫውን አውቶሞቢል አየች። እስካሁን ድካም የመሰላት ነገር ውስጥ አንድ ሌላ ነገር እንዳለ የገባት ያን ጊዜ ነው። ቁጣ ነበር፤ ንጹሕ፣ ሙቅ ቁጣ። ቁጣ ያለው ሰው ደግሞ ገና አልሞተም።

«እዚህ ጠብቀኝ» አለችው።

*

ወይዘሮዋ ሲቀርቧቸው ዕድሜያቸው ከሩቅ ከሚታየው ይበልጣል። ከጎናቸው መቀመጫው ላይ የእጅ ቦርሳቸው ተቀምጧል። ማርሽ ቱታዋን እንዳጠለቀች፣ ጣቷ እስከ ጥፍሯ ግራሶ እንደ ሆነ መስኮቱ ላይ ደረሰች።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጠምጣሚዋ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። የዚያ በጓሮ በር ይገቡ የነበሩት ሰው ልጅ ነኝ።»

የወይዘሮዋ ፊት ቀላ። «ነገረሽ ማለት ነው።»

«ዛሬ ገና። እስካሁን ገመናዎን ሸፍኖልዎት ነበር።»

ወይዘሮዋ ወደ ማኮብኮቢያው አዩ። «አባትሽ ጨዋ ሰው ነበሩ» አሉ።

«ነበሩ። በየትኛውም በር ቢገቡ ማራገቢያው ይዞር ነበር።»

«ፈቃድ ልትለምኚ ከሆነ የመጣሽው አልፈቅድም፤ እንዳትደክሚ።»

«ልለምን አይደለም የመጣሁት። እርስዎ አራት ዓመት ሙሉ እምቢ ያሉት አይተዋት ለማያውቋት ሰው ነው። መልኬን ይወቁት ብዬ ነው። ከዚህ በኋላ እምቢ የሚሉት ለእኔ ለራሴ ይሁን።»

ወይዘሮዋ አዩዋት። መጀመሪያ እጇን፣ ከዚያ ቱታዋን፣ በመጨረሻ ዓይኗን። ዓይኗ ላይ ብዙ ቆዩ። ማርሽ ስድብ ቢመጣ ምን እንደምትመልስ እየመጣች አዘጋጅታ ነበር።

«ደክሞሻል» አሉ።

አራት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ማንም ብሏት አያውቅም፤ ራሷም ለወረቀት ነው የነገረችው። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እምቢ ያለው እንባ አሁን፣ እንዲያያት በማትፈልገው ሰው ፊት፣ ዱብ ዱብ አለ። በግራሶ እጇ ልትጠርገው አልቻለችም፤ ተወችው።

«እሱም ደክሞታል» አሉ ወይዘሮዋ፣ ወደ ልጃቸው እያዩ። «ያንን ሸሚዝ ለብሶ ሳየው የወለድኩት ልጅ አልመስል አለኝ። እኔስ? አባቱ ከሞቱ ወዲህ እዚያ ቤት ያለሁት ብቻዬን ነኝ። እምቢ ማለት እንዴት እንደሚያደክም አታውቂም፣ ልጄ። ግን እሺ ማለት በየት በኩል እንደሚጀመር አላውቅበትም። እኛ ቤት የለመደው የለም።»

«ልጄ» ማለታቸውን ሁለቱም ሰሙት። ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ማርሽ ቀና አለች። ያዘነችላቸው ቢሆንም የምትለውን አላለዘበችውም። «እንግዲህ እርስዎን አንጠብቅም፣ እማማ። መጠበቁ አልቋል። ስንጋባ ግን ከፊት ያለው ወንበር የእርስዎ ነው። ቢመጡም ባይመጡም ሌላ ሰው አይቀመጥበትም።»

ሹፌሩ ከዛፉ ጥላ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። የወይዘሮዋ ጣት የመስኮቱን ቁልፍ ነካ፤ ማርሽ ዘጉብኝ ብላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። መስኮቱ እስከ ታች ድረስ ወረደ።

«መቼ ነው?» አሉ።

ማርሽ ዘወር አለች። ሐኪሙ ማኮብኮቢያው መሐል፣ ጠብቀኝ ያለችበት ቦታ ላይ፣ አንድ ስንዝር ሳይነቃነቅ ቆሟል። መነጽሩን በእጁ ይዟል፤ መልሶ ማድረጉን ረስቶታል። ይህ ሰው አራት ዓመት ሙሉ እናቱን ሲጠይቅ ኖሮ እሷን አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«ለእሱ ገና አልነገርኩትም» አለች።

ወይዘሮዋ መጀመሪያ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። ከዚያ ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ልጃቸው ሲያመነታ የሚታየው ዓይነት ፈገግታ ብቅ አለ። «ሂጂና ንገሪው ታዲያ» አሉ። «እሱን ከጠበቅሽ ታረጃለሽ።»

ማርሽ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ወደ እሱ መንገድ ጀመረች። ከዚህ እስከዚያ መቶ እርምጃ ይሆናል። ልትሮጥ ትችል ነበር፤ አልሮጠችም። ድካሙ ከጉልበቷ አልወጣም፣ በአንድ ጠዋት አይወጣምም፤ ደስታው ግን ድካሙ ይውጣልኝ ሳይል አጠገቡ ገብቶ ተቀምጧል። አራት ዓመት እሷ ጠብቃለች። ይህችን መቶ እርምጃ እሱ ይጠብቅ ብላ ቀስ እያለች ሄደች።